ዝም ያሉትን የሚቆጥሩ

  ለዛሬ ከጓዳችንና ከሳሎናችን ጥቂት ወጣ ብለን ወደ ላይ እንድናይ ልጋብዛችሁ ወድጃለሁ።

ይህን ገጽ በምታነቡበት ሰዓት፣ ቀን ይሁን ሌሊት፣ አንዲት ትንሽ የአሉሚኒየም ኳስ ምድራችንን እየዞረች ነው። ከዳር እስከ ዳር ብትለካ 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ናት። ክብደቷ አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም። ትንሽ ልጅ እንኳ ታቅፎ ሊሸከማት ይችላል። ስሟ ቫንጋርድ 1 ይባላል። አሜሪካውያን ወደ ጠፈር የላኳት መጋቢት 8 ቀን 1950 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 17 ቀን 1958 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእርሷ በፊት ምድርን የዞሩ ሦስት ታላላቆች ነበሯት፤ የሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ 1 እና ስፑትኒክ 2፣ እንዲሁም የአሜሪካ ኤክስፕሎረር 1። ሦስቱም ወደ ምድር አየር ተመልሰው ገብተው ተቃጥለዋል። ስለዚህ ዛሬ በጠፈር ላይ ካሉት የሰው እጅ ሥራዎች ሁሉ አንጋፋዋ ይህች ትንሽ ኳስና እዚያ ያደረሳት የሮኬት የመጨረሻ ክፍል ናቸው። ኳሷ ድምፅ ካሰማች ግን ከ60 ዓመት በላይ ሆኗታል።

ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ዝም ያለችን ነገር ማን ያስታውሳታል? ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ እነዚህ ሰዎች ነው። በየአገሩ ያሉ፣ ማንም ያልቀጠራቸው፣ ደመወዝ የማይቆረጥላቸው ሰዎች ናቸው። የእነዚህን አሮጌ ሳተላይቶች የመውጫና የመጥለቂያ ሰዓት አስልተው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ በግቢያቸው ወይም በቤታቸው ሰገነት ላይ ቆመው ይጠብቋቸዋል። ሲያልፉ ያዩአቸዋል፤ ሰዓቱን በማስታወሻ ይመዘግባሉ። ከዚያም ገብተው ይተኛሉ።

የተሳቀባት ኳስ

የቫንጋርድ ታሪክ የጀመረው በውርደት ነበር። ሶቪየት ኅብረት ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ስፑትኒክን አምጥቃ ዓለምን ስታስደንቅ፣ አሜሪካውያን መልስ ለመስጠት ተጣደፉ። ዲሴምበር 6 ቀን 1957 በፍሎሪዳ፣ በኬፕ ካናቬራል፣ የቫንጋርድ ሮኬት ተተኮሰ። ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ እንዳለ ተመልሶ ወደቀና በእሳት ጋየ። በጫፉ ላይ የነበረችው ሳተላይት ግን ተስፈንጥራ ወደ ጎን ወደቀች፤ እዚያው መሬት ላይ ሆናም የሬዲዮ ምልክቷን ማሰማት ቀጠለች! ያች የቆሰለች ሳተላይት ዛሬ በአሜሪካ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተጠብቃ ትገኛለች።

ከሦስት ወር በኋላ እኅቷ ቫንጋርድ 1 ተሳካላት። የሶቪየቱ መሪ ኒኪታ ክሩሽቾቭ ግን በትንሽነቷ ተሳለቁባት፤ የብርቱካን ዘመድ ከሆነችው ከግሬፕፍሩት ጋር አመሳሰሏት። እንግዲህ አስተውሉ። ይህች የተሳቀባት ኳስ በፀሐይ ብርሃን ኃይል የሠራች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ናት። ሁለት የሬዲዮ ማሠራጫዎች ነበሯት። በባትሪ የሚሠራው በዚያው በ1958 ጁን ወር ላይ ዝም አለ። ከፀሐይ ብርሃን ኃይል የሚያገኘው ግን እስከ 1964 ድረስ ድምፁን አሰማ። ያን ጊዜ በእርሷ ላይ የተፈተነው ነገር ዛሬ በገጠር ቤቶቻችን ጣሪያ ላይ ሆኖ አምፖል ያበራል፤ የእጅ ስልክ ይሞላል።

የዞረችበት መንገድም አስተማሪ ሆነ። ሳይንቲስቶች መንገዷ በጥቂቱ እንዴት እንደሚወላገድ ለክተው በ1959 ምድራችን ድፍን ድቡልቡል አለመሆኗን፣ በዓይን በማይለይ መጠን ወደ አቮካዶ ቅርፅ የምታዘነብል መሆኗን አሳወቁ። ድምፅዋ ከጠፋ በኋላም ትምህርቷ አልቆመም። መንገዷን በመከታተል ብቻ፣ እጅግ ከፍ ብሎ ያለው ስስ አየር ፀሐይ ስትበረታ እንዴት እንደሚያብጥ፣ ፀሐይ ስትረጋ እንዴት እንደሚሰበሰብ ተማሩ። ዝም ያለች መምህርት እንበላት!

ሳተላይቷን ከነደፉት ሰዎች አንዱ ሮጀር ኢስተን ነበሩ። ዛሬ በስልካችን መንገድ ለሚያሳየን ለጂፒኤስ መሠረት ከጣሉት ባለሙያዎችም አንዱ እርሳቸው ናቸው። ኢስተን በ2014 ዐረፉ። የእጃቸው ሥራ ግን ዛሬም ከ2 ሰዓት ከሩብ ባነሰ ጊዜ ምድርን አንድ ጊዜ ትዞራለች። እስካሁን ከ250 ሺህ ዙር በላይ ዞራለች።

ማንም ያልቀጠራቸው ጠባቂዎች

ሳተላይትን በዓይን የመጠበቅ ልማድ ከሳተላይት በፊት የተጀመረ መሆኑን ታውቁ ኖሯል? ፍሬድ ዊፕል የተባሉ የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1956፣ ገና አንድም ሳተላይት ሳይመጥቅ፣ ፈቃደኞች እንዲሰባሰቡ ጥሪ አደረጉ። ፕሮግራሙ «ሙንዎች» ተባለ። ጥሪውን የሰሙት መምህራን፣ ተማሪዎች፣ የቤት እመቤቶች፣ ነጋዴዎችና ጡረተኞች ነበሩ። አባትና ልጅ፣ ባልና ሚስት አብረው የወጡበት ቡድን ነበረ።

አሠራራቸው ቀላል ነበር። ትንንሽ ቴሌስኮፖችን በመስመር ደርድረው እያንዳንዱ ሰው የሰማይን አንድ ቁራጭ ይይዛል። የአንዱ ድርሻ ካለቀበት የሌላው ይጀምራል፤ በሰማይ ላይ አጥር አጠሩ ማለት ይቻላል። ሳተላይቷ አጥሩን ስታልፍ ያየ ሰው ድምፅ ያሰማል፤ ሰዓቷ በሬዲዮ ከሚተላለፈው ትክክለኛ ሰዓት ጋር ተመሳክራ ትመዘገባለች። ከዚያ ወሬው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ፣ በካምብሪጅ ከተማ ወዳለው የስሚዝሶኒያን የሥነ ፈለክ ማዕከል ይላካል። ስፑትኒክ ሳይታሰብ ስትመጥቅ ዝግጁ ሆነው የተገኙት እነዚህ ሰዎች ነበሩ። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1962 ስፑትኒክ 4 ተሰባብራ ስትወድቅ የሚልዋኪ ከተማ ቡድን ሰማዩን እየተመለከተ ነበር፤ 9 ኪሎ ያህል የሚመዝን ስብርባሪዋም በዚያው በዊስኮንሲን፣ በማኒቶዋክ ከተማ ጎዳና ላይ ተገኘ።

የእነዚህ ፈቃደኞች መረጃ ቤከር-ነን ለተባሉት ትልልቅ ካሜራዎች ወዴት ማነጣጠር እንዳለባቸው ያመላክት ነበር። ካሜራዎቹ በዓለም ዙሪያ በየጣቢያው ተተክለው ሳተላይቶችን በከዋክብት መካከል ሲያልፉ ፎቶ ያነሡ ነበር። ከእነዚህ ጣቢያዎች አንዱ የት እንደነበረ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በእኛው አገር፣ በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ ይሠራ ነበር! የዚያች ከተማ አንጋፋ ነዋሪዎች በመካከላችሁ ካሉ ልጆቻችሁ ስለዚያ ዘመን ይጠይቋቸው።

በእንግሊዝ አገር በኬተሪንግ ከተማ ደግሞ ጄፍሪ ፔሪ የተባሉ የፊዚክስ መምህር ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው የሶቪየት ሳተላይቶችን በሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። እያንዳንዷ በስንት ሰዓት እንደምትመጣ በጥንቃቄ ይመዘግቡ ስለነበር፣ በ1966 አንዷ ከለመዱት የተለየ ጉዞ እንዳላት አስተዋሉ። ወደ ኋላ አስልተውም ሶቪየት ኅብረት ደብቃ የያዘችውን የፕሌሴትስክ ሮኬት መተኮሻ ጣቢያ ለዓለም ገለጡ። ሶቪየት ራሷ ያመነችው በ1983 ነው። መሣሪያቸው አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ሰዓትና አንድ ደብተር ነበረ።

ሙንዎች በ1975 በይፋ ተዘጋ። ጽሕፈት ቤቱ ቢዘጋም ሰዎቹ ማየቱን አልተዉም። ዛሬም በየአገሩ ያሉት ተመልካቾች የእነርሱ ወራሾች ናቸው።

ሞተዋል የተባሉት ሲናገሩ

አሁን ወደሚያስደንቀው የታሪኩ ክፍል ልውሰዳችሁ። የሬዲዮ አማተሮች ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን አዋጥተው የሠሯት ኦስካር 7 የተባለች ሳተላይት ኖቬምበር 15 ቀን 1974 መጠቀች። በ1981 ባትሪዋ ተበላሸና ዝም አለች። ሁሉም ሞታለች ብሎ ተዋት። 21 ዓመት አለፈ። ከዚያም ጁን 21 ቀን 2002 አንድ የሬዲዮ አማተር የማያውቀው ምልክት ሰማ። ቢያጣራ፣ ኦስካር 7 ናት!

ምን ሆና ነበር? የተበላሸው ባትሪ ከፀሐይ የሚመጣውን ኃይል ሁሉ እየዋጠ ያስቀርባት ነበር። ከዓመታት በኋላ ያ ባትሪ ይበልጥ ተበላሸና መስመሩ ተቋረጠ። ያን ጊዜ የፀሐይ ኃይሉ በቀጥታ ወደ ሬዲዮው ደረሰ። ኃይል የምታጠራቅምበት ስለሌላት በምድር ጥላ ውስጥ ስትገባ ድምፅዋ ይጠፋል፤ ብርሃን ሲያገኛት ደግሞ ትነቃለች። ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ አማተሮች በእርሷ በኩል ከአገር አገር ተነጋግረዋል።

ሌስ 1 የምትባለው ሳተላይትም እንዲሁ ናት። በ1965 መጥቃ ካሰቡላት መንገድ ሳትደርስ ቀረች፤ በ1967 ዝም አለች። በ2013 ግን በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል ያለ አንድ አማተር ሰማት። እየተገለባበጠች ስለምትሄድ የፀሐይ ኃይሏ በየአራት ሴኮንዱ ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ድምፅዋ እንደሚያቃስት ሰው እየበረታና እየደከመ ይሰማል። በ1967 የመጠቀችውን ሌስ 5ን ደግሞ በማርች 2020፣ ዓለም በኮሮና ምክንያት ቤቱን በዘጋበት ሰሞን፣ በካናዳ ያለ አንድ አማተር ከቤቱ ሆኖ አገኛት። ይኸው ሰው በጃንዋሪ 2018 ሌላ ሳተላይት ሲፈልግ፣ ናሳ በ2005 ያጣትን ኢሜጅ የተባለች የምርምር ሳተላይት አግኝቶ ነበር። ባለቤቷ ናሳም እውነትም እርሷ መሆኗን አረጋገጠ።

አንዲት ሳተላይት እርሷ መሆኗ በምን ይታወቃል ትሉ ይሆናል። አምቡላንስ ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ ቀጠን፣ አልፎን ሲሄድ ወፈር እንደሚል ሁላችን እናውቃለን። የሳተላይት ሬዲዮም እንዲሁ ነው። አማተሩ ድምፁ መቼ ከፍ፣ መቼ ዝቅ እንዳለ ይመዘግብና ከእያንዳንዷ ሳተላይት መንገድ ጋር ያስተያየዋል። የእያንዳንዷ አካሄድ የየራሷ ነው፤ ልክ ባለቤታችሁ ከሥራ ሲመለስ ኮቴውን ከሌላው ሰው ኮቴ እንደምትለዩት!

ለማይመልስልን ለምን?

ከእናንተ መካከል አንዳንዱ «እሺ፣ የተመለሱትስ ደስ ይላሉ፤ ቫንጋርድ ግን ምንም አትናገር፤ እርሷን መቁጠር ምን ይጠቅማል?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

አንደኛው መልስ የጥንቃቄ ነው። ፌብሯሪ 10 ቀን 2009 ሥራዋን ያቆመች የሩሲያ ሳተላይት በሳይቤሪያ ሰማይ ላይ ከምትሠራ የአሜሪካ ሳተላይት ጋር ተጋጭታ ሁለቱም ተሰባበሩ። ዝም ያለ ነገር የለም ማለት አይደለም። የት እንዳለ ካላወቅን የምንወድደውንም ሊጎዳብን ይችላል።

ሁለተኛው መልስ ግን ከዚህ ይጠልቃል፤ የዛሬውን ርእስ ያነሣሁትም ስለ እርሱ ነው። የሚመልስልንን ማስታወስ ቀላል ነው። ኦስካር 7ን የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ደስ ይለዋል። ቫንጋርድን የሚጠብቅ ሰው ግን ምንም አይሰማም። ማሠራጫዋ እንደማይነሣ ያውቃል። ይሁን እንጂ ሰዓቷን ያሰላል፤ ይወጣል፤ በቴሌስኮፑ አንዲት የደበዘዘች ነጥብ ስታልፍ ያያል፤ «አለች» ብሎ ይጽፋል። በቃ። ከእርሷ የሚጠብቀው ነገር የለም።

በመካከላችሁ ደም ግፊት መትቶት አንደበቱ የተያዘ አባት የምታስታምሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የገዛ ልጇን ስም የረሳች እናት ያለቻችሁ፣ ለዓመታት ከአልጋ ያልተነሣ ባል ያለሽ እኅቴ፣ አጠገብሽ ተቀምጦም ሐዘን ዝም ያሰኘው ሰው ያለሽ። ጎረቤት «አሁን ምን ያውቃል ብለሽ ነው?» ይልሻል። ማለዳ ፊቱን ስታጥቢው፣ የሚወድደውን ቡና አፍልተሽ ሽታው ወደ እርሱ እንዲሄድ መስኮቱን ስትዘጊ፣ «ዛሬ እሑድ ነው እኮ» ስትይው፣ መልስ የለም። ነገር ግን አንቺ የምትሠሪው ሥራ ስም አለው። ትቆጥሪዋለሽ። «አለ» እያልሽ በየቀኑ ትመዘግቢዋለሽ።

እንዲህ ያለውን ሰው መቁጠር ይመለሳል ብሎ ተስፋ በማድረግ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ተስፋው በደከመ ቀን ሥራውም ይቆማል። አንዳንዱ እንደ ሌስ 1 አንድ ቀን ያቃስት ይሆናል፤ አንዳንዱ እንደ ቫንጋርድ እስከ መጨረሻው ዝም ይላል። ለሁለቱም የሚወጣው ሰው ያው አንድ ሰው ነው፤ ሰዓቱን ያውቃል፤ ደብተሩን ይዟል። ደግሞም ሙንዎቾች እንዳደረጉት ሰማዩን ተከፋፍሎ መያዝ ይቻላል። አንድ ሰው ብቻውን ሌሊቱን ሙሉ ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ የአንዱ ድርሻ ካለቀበት ሌላው ይጀምር። ሁልጊዜ አንዷ ሴት ልጅ ብቻ ለምን ትቁም?

ዛሬ ማታ

አሁን ደግሞ ቤተ ሰባችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሰማዩ የጠራ ከሆነ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ የግቢውን መብራት አጥፉና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ታገሡ። እንደ ኮከብ የምታበራ፣ ሳትቸኩል ቀጥ ብላ የምትጓዝ፣ እንደ አውሮፕላን ቀይ መብራት የሌላት ነጥብ ካያችሁ እርሷ ሳተላይት ናት። ብርሃኑ የራሷ አይደለም፤ ለእኛ የመሸብን ፀሐይ ከፍ ብላ ላለችው ለእርሷ ገና አልገባችባትም። መንገድ ላይ ሳለች ድንገት ብትጠፋባችሁ አትደንግጡ፤ የምድር ጥላ ውስጥ ገባች እንጂ አልወደቀችም። እየቦገገ እየጠፋ የሚሄድ ነጥብ ካያችሁ ደግሞ እየተገለባበጠ የሚዞር ያረጀ ሮኬት ሊሆን ይችላል።

ቫንጋርድ 1 በባዶ ዓይን አትታይም፤ ለዚያ ትንሽ ናት። ነገር ግን የምትዞርበት መንገድ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም 34 ዲግሪ ያህል ድረስ ስለሆነ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ታልፋለች፤ በገልፍ አገሮች ላላችሁ አንባቢዎቻችንም እንዲሁ። መጀመሪያ 2000 ዓመት ትቆያለች ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ በኋላ ግምቱ ወደ 240 ዓመት ዝቅ ብሏል። በ2025 አንዳንድ ባለሙያዎች ወደ ምድር አውርዶ መመርመር የሚቻልበትን ሐሳብ አቅርበዋል። ካልወረደች ግን የልጅ ልጆቻችን ልጆችም ያገኟታል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ከቻይና ምድር መጥቃለች። ቀኗን በቤታችሁ ደብተር ላይ ጻፉት፤ ከሥሩም የቫንጋርድን። ቀጥሎ ደግሞ በቤታችሁ ዝም ያለውን ሰው የልደት ቀን ጻፉ። ዕለቱም ሲደርስ ልጆቻችሁ ወደ አልጋው ቀርበው በስሙ ይጥሩት።